አዲስ አበባ ላይ ለቱርቦ መኪና ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ያዋጣል?

የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው፦ «2015 ሞዴል ጎልፍ ጂቲአይ አለኝ። በቅርቡ ስቴጅ ዋን ፕሮግራም (ጉልበት የሚጨምር የሞተር ኮምፒውተር ሶፍትዌር) አስጭኛለሁ። ቤቴ ሜክሲኮ፣ ሥራዬ ፒያሳ ነው። ቅዳሜና እሁድ በክፍያ መንገዱ አዳማ ደርሼ እመለሳለሁ። ጓደኞቼ ትልቅ ኢንተርኩለር፣ የውጭ ኦይል ኩለርና ቀድሞ የሚከፍት ቴርሞስታት ካላስገባህ ሞተሩ ይነክስብሃል ይሉኛል። ክረምት ላይ ደህና ናት። ፀሐይ ሲሆንና መንገድ ሲጨናነቅ ግን ጉልበቷ ይቀንስብኛል። ሦስቱንም ላስገባ ወይስ ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሦስቱንም አታስገባ። ኢንተርኩለሩ (ቱርቦው የጨመቀውን አየር ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) ሊጠቅምህ ይችላል፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው። ኦይል ኩለሩ እንዳንተ ላለ አሽከርካሪ ጉዳቱ ያመዝናል። ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚከፍተውን ቫልቭ) ከነጭራሹ እርሳው። ጓደኞችህ የሚሰጉት በከንቱ አይደለም። የተሳሳቱት መድኃኒቱ ላይ ነው።

ከከተማችን እንጀምር። ስለ ቱርቦ መኪና የሚነገረው ምክር አብዛኛው የሚመጣው ከባሕር ወለል እምብዛም ከማይርቁ አገሮች ነው። መሃል አዲስ አበባ ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ቱርቦ የሌላት መኪና ጉልበቷ ይቀንሳል፣ በቃ። ቱርቦ ያላት ግን እጅ አትሰጥም። ኮምፒውተሯ የጎደለውን አየር ለመሙላት ቱርቦውን፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን፣ አብዝቶ ያሽከረክረዋል።

ስሌቱ ይኸውልህ። ባሕር ዳርቻ ላይ 1 ባር ቡስት (ቱርቦው ከውጭው አየር በላይ የሚጨምረው ግፊት) ማለት አየሩን እጥፍ መጭመቅ ነው። ያንኑ ያህል አየር ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ወደ ሞተሩ ለማስገባት 2.6 ጊዜ ያህል መጭመቅ ያስፈልጋል። አየር ሲጨመቅ ይግላል። ውጭው 25 ዲግሪ ቢሆን፣ ደህና ቱርቦ እጥፍ የጨመቀው አየር 115 ዲግሪ አካባቢ ሆኖ ይወጣል። 2.6 ጊዜ የጨመቀው ግን 155 አካባቢ ይደርሳል። ይህን ሁሉ ሙቀት ማውረድ ያለበት ኢንተርኩለሩ ነው። ኢንተርኩለሩን የሚያቀዘቅዘው የውጭ አየርም ያው ስስ አየር ነው። በእኩል ፍጥነት ብትነዳም ከፊት የሚገባው አየር ክብደቱ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በሁለት በኩል ተመታህ ማለት ነው።

የሚክሰን የአየሩ ጠባይ ነው። ዱባይ ላይ በሞቃቱ ወራት 40 ዲግሪ ማለፍ የተለመደ ነው። እኛ ጋ ቀን ቀን ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ከፍታው ከወሰደብን ላይ ቅዝቃዜው ጥሩ ድርሻ ይመልስልናል። ስለዚህ ዱባይ ያለው ልጅ ያስገባውን ሁሉ አንተም ማስገባት የለብህም።

አሁን ወደ ጥያቄህ ፍሬ ነገር ልግባ። «ሲጨናነቅ ጉልበቷ ይቀንሳል» ብለሃል። ይህ የራዲያተር ችግር ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አይደለም። ከስታዲየም እስከ ለገሃር ቆም ሄድ ስትል ወደ ኢንተርኩለሩ የሚገባ ነፋስ የለም። ፊቱ ያለው የኤሲ ኮንደንሰር ሙቀቱን ይተፋበታል። ከኋላው ራዲያተሩ አለ። ብረቱ ቀስ እያለ ይግላል። መንገዱ ሲከፈትልህና ነዳጅ ስትረግጥ ሞተሩ የሚስበው አየር 60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ ይህን ሲያይ የብልጭታውን ጊዜ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ቡስቱንም ይቀንሳል። ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተኑን እንዳይመታው ነው። ከፍተኛ ኦክታን ያለው ቤንዚን እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ጥበቃ ነው ሞተርህን ያቆየልህ። መኪናህ ታማለች ማለት አይደለም። ሁለት ሦስት ደቂቃ በደንብ ከሄድክ በኋላ ጉልበቷ ከተመለሰ ጤነኛ ነች።

እዚህ ላይ ልብ እንድትል የምፈልገው አለ። ቆመህ ሳለ ነፋስ ከሌለ፣ የኢንተርኩለሩ ትልቅነት ነፋስ አያመጣም። እንዲያውም ብረቱ የወፈረው ከባዱ ዓይነት አንዴ ከጋለ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ይፈጃል። ለጭንቅንቅ ብለህ ትልቅ ኢንተርኩለር ከገዛህ ገንዘብህን የሰጠኸው ለማይፈታው ችግር ነው። (የሱባሩ ደብልዩአርኤክስ ባለቤቶች ይህን በደንብ ያውቁታል። የነሱ ኢንተርኩለር ሞተሩ አናት ላይ ነው የተቀመጠው፤ ኮፈኑ ላይ ካለው ቀዳዳ ነፋስ ካልገባ የሞተሩ ሙቀት ሁሉ ወደ እሱ ይወጣል።)

ምንም ከመግዛትህ በፊት ለካ። ክሩስኮቱ ላይ ያለውን የውሃ ሙቀት መርፌ ግን አትመን። የፎልስዋገን መርፌ እውነተኛው ሙቀት በሰፊው እየተለዋወጠም 90 ላይ ተተክሎ እንዲቆም ሆኖ ነው የተሠራው። ርካሽ የኦቢዲ መሰኪያ (የመኪናዋን ኮምፒውተር ቁጥሮች የሚያነብ) ግዛና ከስልክህ ጋር አገናኘው። ሦስት ቁጥር ተከታተል፦ የውሃውን፣ የሚሳበውን አየርና የዘይቱን ሙቀት። ዘይቱን ጎልፍ 7 ራሷ በስክሪኗ ታሳይሃለች።

በሦስት ዓይነት መንገድ ለካ። አንደኛው የየቀኑ ነው፤ ከሜክሲኮ ተነስተህ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ወደ ፒያሳ። ሁለተኛው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ነው። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፣ ፍጥነት የለም፣ ከፍታው 3,000 ሜትር ይደርሳል። ለማቀዝቀዣ ሥርዓት ከዚህ የከፋ ፈተና በከተማችን አላውቅም። ሦስተኛው ከአዳማ መመለሻው ነው። ስትሄድ ቁልቁለት ነበር፤ ስትመለስ ሰው ጭነህ፣ ኤሲ ከፍተህ፣ በሙቀት ተነስተህ ወደ ላይ ነው የምትወጣው።

ውሃው ከ107 ዲግሪ በታች ሆኖ ከተገኘ ደህና ነው። የዚህ ሞተር ፋብሪካ ራሱ እንደ ጭነቱ ከ85 እስከ 107 እንዲለዋወጥ ነው የፈቀደው። ዘይቱ ከ90 እስከ 115 ቢሆን ደስ ይበልህ። ደጋግሞ 130 ካለፈ እንነጋገራለን። የሚሳበው አየር በጥሩ ሁኔታ ስትሄድ ከውጭው ሙቀት ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ቢበልጥ ጤና ነው። በዳገት ላይ ነዳጅ ረግጠህ ይዘህ ከውጭው በ35 ወይም በ40 ከበለጠ፣ ያኔ ኢንተርኩለሩ አልቻለም ማለት ነው። ወይም መተንፈሻ አጥቷል።

ይህ «መተንፈሻ አጥቷል» ያልኩት ነገር ነው ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ። የዚህች ከተማ መኪኖች ፊታቸው ያልተነካ ጥቂት ነው። ፓራውልቱ ተገጭቶ ባትላሜራ ቤት ይገባል፣ ቀለም ይቀባል፣ ተመልሶ ይገጠማል። ከውጭ ሲታይ አዲስ ይመስላል። ከውስጥ ግን በራዲያተሩ ግራና ቀኝ የነበሩት ጥቁር የፕላስቲክ መከለያዎችና ስፖንጆች የሉም። ተሰብረው ተጥለዋል፤ ወይም «ይቺ ለምኗ ናት» ተብለው ቀርተዋል። ሥራቸው ግን ትልቅ ነው። ከፊት የገባው ነፋስ በራዲያተሩ መሃል እንጂ በጎኑ እንዳያመልጥ ያስገድዱታል። እነሱ ከሌሉ ነፋሱ የቀለለውን መንገድ ይመርጣል፤ በጎን ዞሮ ያልፋል። በቆመችበት ደግሞ ፋኑ ከኋላ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ከፊት ይስበዋል። ስለዚህ ባትሪ አብርተህ በፍርግርጉ በኩል ወደ ውስጥ እይ። በራዲያተሩና በፓራውልቱ መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ካየህ የጉልበትህ ሌባ እዚያ ነው። መከለያዎቹን ሶማሌ ተራ ካገኘህ ግዛ። ካጣህ ሙቀት የሚችል ጠንካራ ስፖንጅ ለክቶ ቆርጦ ማስገባት ይቻላል። ከዚህ የረከሰና ከዚህ የሚበልጥ የማቀዝቀዣ ማሻሻያ የለም።

ሁለተኛው ቆሻሻው ነው። ጎልፍ 7 ላይ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው የቆመው፤ ከፊት ኮንደንሰሩ፣ መሃል ኢንተርኩለሩ፣ ከኋላ ራዲያተሩ። ከፊት ስታየው ንጹሕ ነው። ፓራውልቱን አውርደህ ኮንደንሰሩን ስትለየው ግን ከበስተኋላው እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ አቧራ ታገኛለህ፤ የግንባታ ዱቄት፣ ነፍሳት፣ አንዳንዴም ቁራጭ ፌስታል። መንገዱ ሁሉ ሲቆፈር በከረመበት ከተማ ይህ አይገርምም። ላቫጆ ቤት የሚሰጡህ እጥበት ይህን አያወጣውም። የግፊት ውሃውን ቀርበው ከፊት ሲለቁበት ቀጫጭኑን ክንፍ ያጣጥፉታል፤ አቧራውንም ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፉታል። መፍትሔው አውርዶ፣ ለይቶ፣ በቀስታ ውሃ ከኋላ ወደ ፊት ማጠብ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የእጅ ዋጋውን ሳታቅማማ ክፈል።

ቀጥሎ የውሃው ክዳን። ይህች ትንሽ ነገር እዚህ ከፍታ ላይ ያላት ትርጉም ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተርህ ግን ከዚያ በላይ ነው የሚሠራው። የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። 1.4 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ካለህ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 122 ዲግሪ አካባቢ አይፈላም። ባሕር ዳርቻ ላይ ይኸው ክዳን 126 ያደርሰው ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ክዳኑ ደክሞ ግፊት መያዝ ሲያቅተው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ ውሃ እዚህ ከተማ ያለ ግፊት 100 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል። ፋብሪካው 107 እንዲደርስ በፈቀደለት ሞተር ውስጥ! ያኔ ቴስታታው (የሞተሩ አናት) ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ሙቀት አያወጣም፣ ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) ይቃጠላል። ሰው «መኪናዬ ድንገት ፈላችብኝ» የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ክዳኑን ለውጠው። ኦሪጅናል ይሁን።

ኩላንቱንም እይ። ለዚህ ሞተር የሚሆነው ጂ 13 ወይም ጂ 12 ኢቮ ነው፣ ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ተደባልቆ። የቧንቧ ውሃ አትጨምርበት፤ ቅርፊት ይሠራል። አረንጓዴውን አትቀላቅልበት። በዚህ ሞዴል ማጠራቀሚያ ዕቃው ውስጥ የሲሊካ ከረጢት አለች። ስታረጅ ትቀደድና ፍሬዋ በቱቦው ሁሉ ይበተናል፤ ማሞቂያውን የዘጋችበት ጊዜ ብዙ ነው። የውሃ ፓምፑና ቴርሞስታቱ ያሉበት ቤትም ፕላስቲክ ነው፣ በመግቢያ ማኒፎልዱ ሥር ተደብቋል፣ ማፍሰስ ልማዱ ነው። ውሃው በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚጎድል ከሆነ መጀመሪያ እሱን ጠርጥር።

ቴርሞስታቱን እርሳው ያልኩህም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ቴርሞስታት የሚወስነው ዝቅተኛውን ሙቀት ነው። ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ የሚሠራው ራዲያተሩና ነፋሱ ነው። እንጦጦ ዳገት ላይ ቀድሞ የተከፈተውም ዘግይቶ የተከፈተውም እኩል ክፍት ናቸው። ድሮ በየጋራዡ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ልማድ ነበር፤ አሁንም የሚያደርጉት አሉ። ሞተሩ ሳይሞቅ ይሠራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ በቤንዚን ይቀጥናል። ያንተ ሞተር ላይ ደግሞ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ቫልቭ ነው ያለው። ተራ ቴርሞስታት ቀይሮ የሚገላገሉት ዕቃ አይደለም።

ኦይል ኩለሩ ላይ ብዙ አልቆይም። መኪናህ ከፋብሪካ የዘይት ማቀዝቀዣ አላት፤ ዘይቱን በራዲያተሩ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ነው። ጥቅሙ በሁለት በኩል ነው። ጠዋት ውሃው ቶሎ ስለሚሞቅ ዘይቱንም ያሞቀዋል። የውጭ ኦይል ኩለር የሚያስፈልገው ረጅም ጊዜ ሙሉ ጉልበት ለሚጠቀም ሰው ነው፤ ውድድር ሜዳ ላይ እንደሚዞሩት። የክፍያ መንገዱ ላይ 120 ይዞ ለመሄድ ከመኪናህ 162 ኪሎ ዋት ሩቡ እንኳ አያስፈልግም። ከሜክሲኮ ፒያሳ ደግሞ አጭር መንገድ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ቅዝቃዜ ከተነሳህ ዘይቱ ሳይሞቅ ትደርሳለህ። ያ ዘይት እርጥበቱንና ቤንዚኑን አያወጣም። ኦይል ኩለር ስትጨምርበት ይብሳል። በዚያ ላይ አዲስ ቱቦ፣ አዲስ መጋጠሚያ፣ አዲስ የሚያፈስ ቦታ። ግፊት ያለው ዘይት ሲፈስ ሞተር የሚነክሰው በደቂቃ ውስጥ ነው። ከዚያ ይልቅ በመመሪያው የተፈቀደውን ጥሩ ዘይት አድርግና ፋብሪካው ካለው ጊዜ ቀድመህ ለውጠው።

አሁን ማንም ያልነገረህን ልንገርህ። የጫንከው ፕሮግራም ምናልባት ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። ያንተ ቱርቦ ትንሽ ቱርቦ ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ ከላይ ግን ቶሎ ይደክመዋል። እዚህ ከፍታ ላይ ያንኑ የአየር መጠን ከጠየቁት ከአቅሙ በላይ ይሽከረከራል። ከአቅሙ በላይ ሲሽከረከር ከሚያመጣው አየር የሚያመጣው ሙቀት ይበልጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙን ወደጫነልህ ባለሙያ ተመለስና «ከ5,000 ዙር በላይ ያለውን የቡስት ጥያቄ ለአዲስ አበባ ከፍታ ቀንስልኝ» በለው። የለካሃቸውን ቁጥሮች ይዘህ ሂድ፤ ሲያያቸው ይገባዋል። ከላይ ጥቂት ጉልበት በወረቀት ላይ ታጣለህ። በመንገድ ላይ ግን አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ብልጭታው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ልዩነቱን እምብዛም አታውቀውም። ቱርቦው ዕድሜ ያገኛል። «አይነካም» ካለህ ሌላ ባለሙያ ፈልግ።

ይህን ሁሉ አድርገህ፣ ዳገት ላይ የሚሳበው አየር አሁንም ከውጭው በ35 ዲግሪ የሚበልጥ ከሆነ ኢንተርኩለር ግዛ። ያኔ ያዋጣሃል። አየሩ ከ60 ወደ 40 ዲግሪ ቢወርድ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው አየር 6 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከሱ በላይ ደግሞ ብልጭታው ስለማይጎተት ጉልበቱ ሳይዋዥቅ ይቆያል። ስትመርጥ ግን ትልቁን አትፈልግ። ኢንተርኩለሩ ራዲያተሩ ፊት ነው የሚቆመው ብዬሃለሁ። በጣም ከወፈረ የራዲያተሩን ነፋስ ይዘጋል፤ የአየሩን ሙቀት አወርዳለሁ ስትል የውሃውን ትሰቅላለህ። በስስ አየራችን ይህ ቶሎ ይታያል። ውፍረቱ ከፋብሪካው ብዙ ያልራቀ፣ ቀለል ያለው ባለ ቱቦና ክንፍ ዓይነት ይሻልሃል። ከጭንቅንቅ ስትወጣም ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከገጠምክ በኋላ ያንኑ እንጦጦ መንገድ ውጣና የውሃውን ቁጥር ከበፊቱ ጋር አስተያይ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አብዛኛው ሰው አሮጌ ዕቃ ነው የሚያየው። አሮጌ ኢንተርኩለር ስትገዛ ሁለት ነገር ጠይቅ። አንደኛ፣ ሁለቱን አፉን ደፍኖ በአየር ሞልቶ ውሃ ውስጥ ነክሮ ያሳይህ፤ አረፋ ካወጣ ተወው። ሁለተኛ፣ አዘቅዝቀው። ቱርቦው ከተበላሸ መኪና የወጣ ከሆነ ከውስጡ ዘይት ይንጠባጠባል፣ አንዳንዴም የብረት ብናኝ። ዘይቱ ብቻ ከሆነ በደንብ ታጥቦና ደርቆ ይሠራል። ብናኝ ካየህበት ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትውሰደው፤ ብናኙ ቀጥታ ወደ ሲሊንደርህ ነው የሚገባው።